የእናታችን ጥማት

አቶ ጠና ቀጭኑን የብርጭቆ ቱቦ በእንጨት መቆንጠጫ ይዘው ከአልኮል ኩራዙ እሳት በላይ ቀስ እያደረጉ አወዛወዙት። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ነበር። ገነቴ ጠዋት ከቤቷ በጠርሙስ ይዛ ከመጣችው ሽንት ስምንት ጠብታ ብቻ ነው የተጨመረበት። ሰማያዊው መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎ ቢጫ፤ ሲፈላ ብርቱካን መሰለ። አቶ ጠና ከእሳቱ አላነሱትም። በመጨረሻ ቱቦው ውስጥ የቀረው እንደ ጡብ የቀላ ድፍርስ ነገር ነበር።

"ይኼ ምን ማለት ነው?" አለች ገነቴ።

አቶ ጠና ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አቁመው ኩራዙን አጠፉ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጩ ጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ። በሆሳዕና በሚገኘው የሚሲዮን ክሊኒክ አሥራ ሰባት ዓመት በድሬሰርነት፣ በሐኪም ረዳትነት ያገለገሉ፣ ክፉ ወሬ ሲነግሩ የማይቸኩሉ የከምባታ ሰው ናቸው።

"ሽንትሽ ውስጥ ስኳር አለ። ትንሽ አይደለም ገነቴ፤ ብዙ ነው።"

"ስኳር እኮ እኛ ቤት ብዙም አይገባም።"

"የምትበዪው ሁሉ፣ ቆጮውም ቡላውም፣ ሆድሽ ውስጥ ስኳር ይሆናል። የጤነኛ ሰው አካል ያንን ወስዶ ጉልበት ያደርገዋል። ያንቺ አካል ግን አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ደምሽ ውስጥ ይከማቻል፤ ሲሞላ በሽንት ይወጣል። የሚያስጠማሽም የሚያደክምሽም እሱ ነው። መጽሐፍ ስታነቢ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል ያልሽውም ከእሱ ነው።"

ገነቴ ሦስተኛ ልጇን ከቀበረች ሃያ ሦስት ቀን ሆኗታል። የመጣችው ለዚህ ወሬ አልነበረም፤ ከወሊድ በኋላ የያዛት ማሳከክና ድካም አልለቅ ስላላት ቅባት ይሰጡኛል ብላ ነው።

"ልጆቼስ?" አለች።

አቶ ጠና ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ሦስተኛውን ልጅ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ከሞተ በኋላ በክሊኒኩ ሚዛን ላይ አስቀምጠው አምስት ኪሎ ተኩል ብለው የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

"የእናት ስኳር ወደ ልጁ ያልፋል። ልጁ ማህፀን ውስጥ ይወፍራል። ያየው ሰው ሁሉ እንዴት ያማረ ልጅ ነው ይላል፤ ነገር ግን ጤና አይደለም። ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው ልቡ ይቆማል።"

"ያማሩ ነበሩ" አለች ገነቴ። የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ ጉንጮቿ የሦስት ወር ልጅ ይመስሉ ነበር። ሊገንዟት የመጡት ሴቶች እጇን እያነሱ እያዩ፣ እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት ሞተች ብለው ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ናቸው።

"ከቤተሰብሽ እንዲህ የታመመ ሰው ታውቂያለሽ?"

ለገነቴ ሆመቾ ላይ የሞተች እናቷ ታየቻት። ከእንስራው አፍ የማትጠፋ፣ ውሃ የማትጠግብ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ምድጃ ዳር ተቀምጣ ሳለ ፍም እግሯ ላይ ወድቆ ሥጋዋን ሲያቃጥል እሷ አልተሰማትም፤ ሽታው ነው ያስታወቃት። ቁስሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አልዳነም። ከዚያ ዓይኗ ጠፋ፤ ሰውነቷ አበጠ፤ በመጨረሻም ትንፋሽ እያጠራት ሞተች። ጎረቤት ቆማጣ ሆነች ብሎ እቃዋን አይነካም ነበር። ይህን ሁሉ ለአቶ ጠና በአጭሩ ነገረቻቸው።

"ቁምጥና አልነበረም" አሉ ድሬሰሩ። "ይኼው በሽታ ነው። ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ የእግርን ስሜት፣ ልብን በየተራ ይነካል። ቀድመው ከያዙት ግን ይዘገያል።"

"በዘር ይመጣል?"

"ሊመጣ ይችላል። ሁልጊዜ አይደለም።"

"ለማንም አይንገሩብኝ አቶ ጠና።"

"ከእኔ አይወጣም። ግን ለሳህሉ አንቺው ንገሪው። ሐኪሙ ሐሙስ ይመጣል፤ መርፌ መጀመርሽ አይቀርም። እስከዚያ ማር፣ ብርዝ፣ የቡላ ገንፎ የሚባል በአፍሽ እንዳይዞር። ጎመን፣ አይብ፣ ባቄላ ብዪ።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ የሐምሌ ዝናብ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። እየመረጠች ትረግጣለች፤ የምታስበው ግን ስለ ባሏ ነው። ሳህሉ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ አጎቶቹ መጥተው ሌላ ሴት አግባ ብለውት ነበር፤ እሱም በቤተ ክርስቲያን የተጋባኋትን አልፈታም፣ ልጅ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው ብሎ መልሷቸዋል። ያኔ ግን ሁሉም የገነቴ ዕድል ነው ያሉት፤ ዕድል ሊለወጥ ይችላል። ዘር ከተባለ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ አገር ሰው ሲጋባ አያት ቅድመ አያት ድረስ ይጠየቃል፤ በሽታ አለበት ከተባለ ቤት ማንም ሚስት አይጠይቅም። ያገባችውም ብትሆን በምን ዓይን እንደምትታይ ታውቃለች።

አማቷ እማማ ብርቅዬ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

"ምን አሉሽ ልጄ?"

"ደም አንሶሻል አሉኝ እማማ።"

"እኔስ ምን አልኩ? ነይ ግቢ። ገንፎው እንዳይቀዘቅዝብሽ።"

እማማ ብርቅዬ ልጅ ባይኖርም አራስ አራስ ናት ብለው ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ እንጨት አላስነኳትም። የቡላውን ገንፎ በቅቤ አሽተው በየቀኑ ያቀርቡላታል። ገነቴ ሳህኑን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ጎረሰችና፣ አማቷ ወደ ጓዳ ሲገቡ የቀረውን ለውሻው ደፋችው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም ታናሽ እህቷ ጵርስቅላ ከፎንቆ በበቅሎ መጣች። ለቀብሩ አልመጣችም ነበር፤ እርጉዝ ሴት ሬሳ ያለበት ቤት አትገባም ብለው ከልክለዋት ነው። ያመጣችውን ቅቤ ለእማማ ብርቅዬ ሰጥታ፣ እህቷን አንገቷን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ገና ሳትቀመጥ ውሃ ለመነች። አንዱን ጣሳ ጠጥታ ሁለተኛውን አስቀዳች።

"በዚህ ዝናብ ምን ያስጠማሻል?" አሉ እማማ ብርቅዬ እየሳቁ።

"እኔ እንጃ። ሰሞኑን ውሃ አልጠግብ ብያለሁ። ባሌ ቸኮል ምንጩን ልታደርቂው ነው ይለኛል።"

"ስንት ወርሽ ነው?"

"ስድስተኛዬን ይዣለሁ።"

"የዘጠኝ ይመስላል። ትልቅ ልጅ ነው..." አሉና እማማ ብርቅዬ ገነቴን አይተው ቀሪውን ዋጡት። ብርዝ ላምጣ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጵርስቅላ ወደ ጓሮ ወጥታ እንሰቱ ሥር ቆይታ ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወጣች። ስትመለስ ከገነቴ ጎን ተጠግታ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ጣቶቿ ከማበጣቸው የተነሳ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል።

"እትዬ፣ እንዳልመጣ ብዙ ሰው ነግሮኝ ነበር። ሆድሽን ይዘሽ ፊቷ አትቁሚ አሉኝ። እኔ ግን የምነግርሽ ነገር ስላለኝ ነው የመጣሁት።"

"ምንድን ነው?"

"ቸኮልን አስፈቅጄዋለሁ። ይኼ ልጅ ጡት ከጣለ በኋላ እዚህ አንቺ ጋ ያድጋል። እናቴ የሚለው አንቺን ነው።"

ገነቴ ዓይኗን ከሰመጠው ቀለበት ላይ አላነሳችም። እህቷ ገነቴ ደስ ያላት መስሏት እጇን ጥብቅ አደረገችው።

እማማ ብርቅዬ ብርዙን በገንቦ ይዘው መጡና ለጵርስቅላ በዋንጫ ቀዱላት። እሷም ሳትተነፍስ ጨለጠችውና ዋንጫውን መልሳ ዘረጋች። አሮጊቷ ሊሞሉት ገንቦውን ሲያዘነብሉ ገነቴ እጇን ሰድዳ ዋንጫውን ከእህቷ እጅ ወሰደችው። ብርዙ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉ እማማ ብርቅዬ።

"ዋሸሁዎት እማማ። ደም ማነስ አይደለም። የስኳር በሽታ ነው። እናታችንን የገደላት እሱ ነው፤ ልጆቼንም የገደላቸው እሱ ነው። ከእኛ ዘር የመጣ ነው። ይህችም እንዳላት ገና ገብታ ውሃ ስትለምን አውቄያለሁ።"

ጵርስቅላ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "የእኔ ልጅ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ሲራገጥ ነው የሚውለው።"

"የእኔም ይራገጡ ነበር" አለች ገነቴ።

እማማ ብርቅዬ ገንቦውን እንዳቀፉ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ገንቦውን እያዩ፣

"እርጉዝ ሳለሽ ጠማኝ ባልሽ ቁጥር ይኼንን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ" አሉ። "ለሦስቱም።"

"እናቴም ብትኖር ይኼንኑ ነበር የምትሰጠኝ። አላወቁም እማማ፤ እኔም አላወቅሁም።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። በሐዲይኛ ነው ያለቀሱት። ልጆቹ ስም ሳይወጣላቸው ስለተቀበሩ የመጀመሪያዋ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያሉ ነበር የሚጠሯቸው።

ገነቴ ለሽንት የሚሆን ብልቃጥ አጥባ ለእህቷ ሰጠቻትና ወደ ጓሮ ላከቻት። ሁለቱ ነጠላቸውን ደርበው ሲወጡ ለምሳ የመጣው ሳህሉ አጥሩ በር ላይ አገኛቸው። ጵርስቅላን ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ሚስቱ ሁሉንም ነገረችው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

"ለማን ነግረሻል?" አለ።

"ለእናትህና ለእህቴ።"

"አጎቶቼ እንዳይሰሙ። ለጊዜው... ለጊዜው ዝም ብንል ይሻላል።"

"ዝም ካልኩ እሷም እንደ እኔ ትቀብራለች።"

ሳህሉ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ገነቴ አንድ ቃል ጠበቀች፤ ምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። ሳይመጣ ሲቀር እህቷን ክንዷን ይዛ መንገድ ጀመረች። መታጠፊያው ላይ ደርሳ ዞር ስትል አሁንም በሩ ላይ ነበር፤ አልገባም፤ አልተከተላቸውምም።

ክሊኒኩ ከሰዓት በኋላ ሰው አልነበረውም። አቶ ጠና ምንም ሳይጠይቁ ኩራዙን ለኮሱ። ሰማያዊው ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤ ቢጫ ሆነ፤ ብርቱካን ላይ ሲደርስ ቆመ። ጵርስቅላ ትርጉሙን ከእህቷ ፊት አነበበችና ማልቀስ ጀመረች።

"እንደ አንቺ አልከፋባትም" አሉ ድሬሰሩ። "ለመውለድም ገና ሦስት ወር ይቀራታል። በየቀኑ ኢንሱሊን ብትወጋ፣ ምግቧን ብትጠብቅ፣ ሐኪሙም ቢከታተላት ልጁ ሊተርፍ ይችላል። እርግጠኛ ሆኜ አልነግራችሁም፤ ግን ሊተርፍ ይችላል።"

"ታዲያ ይጀምሩላት።"

አቶ ጠና ጥግ ካለው፣ እርጥብ አሸዋ ከሞላው ሸክላ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ቅዝቃዜው እንዳይጠፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያዙት።

"ያለኝ ይኼ ብቻ ነው። ጠዋት ከሄድሽ በኋላ ላንቺ ብዬ ለይቼው ነበር ገነቴ። መድኃኒት የሚያመጣው የአዲስ አበባው መኪና በጎርፍ ምክንያት ካልመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ሐኪሙም የሚጠብቀው እሱኑ ነው፤ መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። ወር ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ለሁለት ብንከፍለው ለማናችሁም አይበቃም።"

"ለእሷ ይሁን" አለች ገነቴ።

"አንቺስ? የጠዋቱን አይተሽዋል። አሁን ካልተያዘ ዓይንሽ ከዚህ ሊብስ ይችላል። የጠፋው ደግሞ ላይመለስ ይችላል።"

"አውቃለሁ። እናቴን እጇን ይዤ የምመራት እኔ ነበርኩ።"

"እትዬ፣ አይሆንም" አለች ጵርስቅላ።

"ዝም በይ አንቺ።"

አቶ ጠና ከአንዷ ወደ ሌላዋ አዩ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ሌላም ችግር አለ። ይኼ በየቀኑ ጠዋት የሚወጋ ነው። ፎንቆ ድሬሰር የለም።"

"እኔ ጋ ትቀመጣለች፣ እስክትወልድ።"

"ሳህሉ ፈቅዷል?"

"አልጠየቅሁትም።"

ድሬሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሁድ እኔም እዚህ የለሁም። ገጠር የምወጣበትም ቀን አለ። የሚወጋት ሰው ያስፈልጋል።"

ጵርስቅላ ጥግ ባለው ምድጃ ላይ በውሃ የሚፈላውን መርፌ አይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ገነቴ ይህን አየች።

"እኔ እወጋታለሁ" አለች። "ያስተምሩኝ።"

"ሐኪሙ እስኪመጣ በትንሹ እጀምርላታለሁ፤ ነገ ጠዋት እሷ ላይ እያሳየሁሽ..."

"እሷ ላይ አልማርም። መድኃኒቱ እንዳይባክን መርፌውን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሙሉልኝ።"

ነጠላዋን አውልቃ ለእህቷ ሰጠች። የግራ እጇን የቀሚስ እጅጌ እስከ ትከሻዋ ጠቀለለችና ቀኝ እጇን ለመርፌው ዘረጋች።