በዝምታ የሚሮጡ መኪኖች

አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበት የቤተ መጻሕፍት ንባብ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ነው። በአንድ በኩል የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ በሌላው በኩል ግድግዳውን ተጠግተው የተደረደሩ ስምንት ኮምፒውተሮች አሉበት። ኮምፒውተሮቹ ሲገቡ እኔ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ነው፤ እነሱ ግን ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

ደብዳቤው የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። የጻፉት የቤተ መጻሕፍቱ የንብረት ኃላፊ ሲሆኑ ሁለት ነገር ይላል፦ ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፤ የሚጠቀምባቸውም የለም። ከአራት ሳምንት በኋላ ኃላፊው ራሳቸው መጥተው ያያሉ። ነገሩ እንደተባለው ከሆነ ኮምፒውተሮቹ ይወገዳሉ፣ ክፍሉ የወንበርና የጠረጴዛ መጋዘን ይሆናል፣ አክስቴም ምድር ቤት ወዳለው የመዝገብ ክፍል ትዛወራለች። መስኮት የሌለው ክፍል ነው።

እኔ ተናድጄ ስለ ሰውየው ክፉ ልናገር ስል አክስቴ ከለከለችኝ። አልዋሹም አለች። መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ፤ ባለፈው ወር ኮምፒውተር የተጠቀሙት አራት ሰዎች ነበሩ። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ።

"ያረጀ ሁሉ አልሞተም" አለችኝ መነጽሯን እየጠረገች። "አንተ የተማርከው ይህንኑ አይደል? እስቲ አንድ ነገር ፍጠር። ግን ጎረቤት ለምነህ እንዳትደረድርልኝ። ሰው ከመጣ ወዶ ይምጣ።"

በማግስቱ ስምንቱንም ከፈትኳቸው። ከውስጣቸው የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። የሚያንቀራፍፏቸውን ፕሮግራሞች አጠፋሁ፣ ሁሉንም በኬብል አገናኘሁ። ኮምፒውተሮቹ ተነሡ። ግን ተነሥተው ምን ይሥሩ? ኢንተርኔቱ አንድ ገጽ ለመክፈት የሚወስድበት ጊዜ አንድ የመጽሐፍ ምዕራፍ ያስነብባል። ያኔ የዶርም ዘመናችን ትዝ አለኝ። ከእነዚህ በባሱ ላፕቶፖች፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በኬብል ብቻ ተያይዘን ስድስት ሆነን እንጫወት ነበር። ሰው ብቻውን ያረጀ ኮምፒውተር ፊት ቢቀመጥ ይሰለቻል፤ ከጎኑ የሚያሸንፈው ሰው ካለ ግን ስለ ኮምፒውተሩ ዕድሜ አያስብም።

አንድ ሳምንት ጨዋታ ስሞክር አሳለፍኩ። ነፃ መሆን አለበት፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው መሆን አለበት፣ ለእነዚህ አሮጌዎችም የማይከብድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው በጣም ያማረ ነበር፤ ሦስተኛው ኮምፒውተር ግማሹን ሥዕል አሳይቶ ዳገት እንዳስጠላት በቅሎ ቀጥ አለ። ሁለተኛው ስምንቱን አስነሥቶ አምስቱን አጠፋ። በመጨረሻ ሁለት አገኘሁ፤ አንዱ የመኪና ውድድር፣ ሌላው ተጫዋቾች ተባብረው ከተማ የሚገነቡበት። ሥዕላቸው የልጅ ሥዕል ይመስላል፤ ግን እንደ ውኃ ይፈስሳሉ።

ለአክስቴ ስነግራት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጨዋታ የሚባል ነገር ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። ማታ ቤት ስንገባ፣ በደረጃው መሃል ቆም ብላ፣ በአንድ ሁኔታ እንደምትፈቅድ ነገረችኝ፦ የንባብ ክፍሉ ሕግ አይነካም። ድምፅ ያሰማ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር አሥር ደቂቃ ይቀመጣል።

ጨዋታውን የሚገድለው ይህ ሕግ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

የመጀመሪያው ተጫዋች ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። "መኪና ነው የምትለኝ?" ብለው ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ያለ አደጋ የነዱ ሰው ስለሆኑ ውድድሩን እንደ ሥራ ያዙት፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ሌላውን ያሳልፋሉ፣ ከኩርባ በፊት ፍጥነት ይቀንሳሉ። እሽቅድምድም መሆኑን በወረቀት ጽፌ ባሳያቸው ከሥሩ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው ጽፈው መለሱልኝ። በሁሉም ዙር የመጨረሻው እሳቸው ናቸው፤ መኪናቸው ግን አንድም ጭረት የላትም።

በማግስቱ ከአዳር ተረኝነት የወጣች ነርስ መጣች። እንቅልፍ ሳይወስዳት በፊት ጭንቅላቷን የሚያሳርፍ ነገር ፈልጋ ነው። በውድድሩ ከሾፌሩ መኪና ኋላ ሆና፣ መኪናዋ መንገድ ስትለቅላት አየች፤ ሳቋ አመለጣት። አክስቴ ጣቷን ወደ በሩ ዘረጋች። ነርሷ አሥር ደቂቃዋን ጨርሳ ስትመለስ ፈጥና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሳቅ ሲከለከል ይበዛል። አንዱ ገደል ሲገባ ሰባት ሰው ከንፈሩን ነክሶ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ አፉን በመሐረብ ይይዛል፣ ሌላው ጠረጴዛ ሥር ይደበቃል፣ በመጨረሻ አንዱ ይፈነዳል። ወደ ኮሪደር መውጣቱን ሰዎቹ "ውጭ አገር መሄድ" አሉት። "ሰውየው የት አሉ?" ሲባል "ውጭ አገር ናቸው፣ በአሥር ደቂቃ ይመለሳሉ" ይባላል። በሦስተኛው ሳምንት ስምንቱም ወንበር ከጠዋት እስከ መዝጊያ አልተለቀቀም። ተራ ሲጠብቁ መጽሐፍ የሚያነሡም ነበሩ፤ አክስቴ ይህን አይታ መደርደሪያዎቹን እንደገና ወለወለቻቸው።

ቀኑ ደረሰ። የንብረት ኃላፊው አራት ሰዓት ላይ ፎልደራቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ወፍራም ሰውነትና ትሑት ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። ስምንት ወንበር፣ ስምንት ሰው፣ አንድም ድምፅ የለም። ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ እንደሚገባው በሹክሹክታ፣ ሰዎቹን ከየት እንደሰበሰብናቸው ጠየቁኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ልክ በምርመራው ቀን የሞላ ክፍል አላምንም ነበር። መዝገቡን ሰጠኋቸው፤ መዝገብ ማንም ሊሞላው እንደሚችል ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው።

በዚህ መሃል ነርሷ ተራዋን ጨርሳ ተነሣችና ወንበሯን በእጇ አሳየቻቸው። ተቀመጡ። ከጎናቸው ሾፌሩ ነበሩ።

ኃላፊው ጥሩ ነዱ። አንድ፣ ሁለት መኪና አለፉ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው የነበረችው አረንጓዴ መኪና ቀጥ ብላ ቆመች። መንገዱን ለቀቀችላቸው። ኃላፊው ወደ ጎን ዞሩ፤ ሾፌሩ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ በግራ እጃቸው "ይለፉ" የሚል ምልክት ሰጡ።

ኃላፊው ሳቁ። የትሑት ሰው ሳቅ አልነበረም፤ ከሆድ የመጣ፣ መስኮቱን ያንቀጠቀጠ ሳቅ ነው።

ክፍሉ ደነገጠ። ሁሉም ወደ አክስቴ ዞረ። እኔ በዓይኔ ለመንኳት፤ ዛሬን ብቻ፣ እኚህን ሰው ብቻ እለፊያቸው ብዬ። ሃያ ሁለት ዓመቷ በሰውየው እጅ ላይ ነው። ከወንበሯ ተነሣች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ ከፊታቸው ቆመች።

"ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ" አለች።

"እኔ እኮ ለሥራ ነው የመጣሁት።"

"አውቃለሁ። ግን ከእርስዎ በፊት ሠላሳ ሰው አስወጥቻለሁ። እርስዎን ካስቀረሁ እነሱን በድያለሁ።"

ኃላፊው ፎልደራቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ሾፌሩ መኪናቸውን ዳር ይዘው አቆሙ፤ ሌላውም አቆመ። ማንም አልተጫወተም።

አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቼ ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ከጎናቸው ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከሦስቱ አንዷ ሴትዮ፣ ዳቦ መጋገሪያ የምትሠራ፣ ክንዷ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ተራ የሚያስይዙት እሳቸው መስለዋት ስንተኛ እንደሆነች ትጠይቃቸዋለች። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ትናንት ስለ ወጡበት "ውጭ አገር" እያወሩላቸው ነው፤ እሳቸው ሦስቴ ተሰድደው ተመልሰዋል። ሦስተኛው ሰው ከታክሲ ሥራ በምሳ ሰዓት እንደሚመጣ፣ ዛሬ ግን ቀድሞ የመጣው ትናንት በነርሷ ስለተሸነፈ መሆኑን ያስረዳል። ማንም ደብዳቤ እንዳለ አያውቅም። ማንም ሰውየው ማን እንደሆኑ አልጠየቀም።

ይቅርታዬን ልጀምር ስል ኃላፊው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አራት ደቂቃ እንደቀራቸው በሰዓታቸው አሳዩኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ከፎልደሩ አወጡ፣ "የሚጠቀምባቸው የለም" የሚለውን መስመር ሰረዙት፣ ከጎኑ ፈረሙ። "አርጅተዋል" የሚለውን ተዉት።

"ይሄኛው እውነት ነው" አሉኝ። "ግን ያረጀ ነገር ሁሉ ይወገድ ቢባል እኔም እዚህ አልቀመጥም ነበር። ክፍሉ እንዳለ ይቆያል፤ ለአክስትህ አንተ ንገራት፣ እኔ ውስጥ ድምፅ አሰምቼ ዳግመኛ መውጣት አልፈልግም። የመኪናዬን ቦታ ግን ማንም እንዳይነካብኝ።"

ደብዳቤውን ለአክስቴ አቀበልኳት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና፣ ነፃ ኮምፒውተር እንዳለ በምልክት ጠየቀችኝ። አንዱ ተጫዋች ወንበሩን ለቀቀላት።

በአራቱ ሳምንት ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጫወተችም ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት፣ ነገ ሊወስዱብኝ የሚችሉትን ነገር ዛሬ አልለምድም ብላኛለች። አሁን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሁለት ጣቷን ቁልፉ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ከጎኗ አሥር ደቂቃቸውን ጨርሰው የተመለሱት ኃላፊው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሾፌሩ ነበሩ።

ውድድሩ ተጀመረ። ሰባቱ መኪና ወደ ፊት ሄደ። የአክስቴ መኪና ዞራ ወደ ኋላ ሄደች፣ የመነሻውን መስመር አለፈች፣ ሙሉውን ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ እየበረረች ሁሉንም አንድ በአንድ ፊት ለፊት ገጨቻቸው። እሷ እያሸነፈች መሰላት፤ ወደ ስክሪኑ ተደፍታ ጥርሷን ነክሳለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የሰባት ሰው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ፣ የንብረት ኃላፊው ክራቫታቸውን አፋቸው ውስጥ ሲከትቱ አየሁ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር።