የመታጠፊያው ኪንታሮት

አባቴ የሠራሁትን ነገር «ኪንታሮት» ብሎ የሰየመው እኔ መሥራቴን ሳያውቅ ነው። ካወቀ በኋላም ስሙን አልቀየረውም።

ነገሩ ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ጥግ ላይ ያለ የኮንክሪት ደሴት ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ቅርጹ ግማሽ ጨረቃ። አዲሱ የብስክሌት መንገድ መስቀለኛውን ሲያቋርጥ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ብስክሌተኛውን ከጎን መጥቶ እንዳይጨፈልቀው መሃላቸው ይገባል። ሹፌሩ ደሴቱን ለመዞር የግድ ፍጥነት ይቀንሳል፣ የግድ ሰፋ አድርጎ ይታጠፋል፤ ብስክሌተኛውም ፊት ለፊቱ ይመጣለታል። ሌላ ሥራ የለውም። ቀለም ብቻ ብንቀባ ኖሮ ማን ይሰማናል? ቀለም ላይ ጎማ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት እዚያው ጥግ ላይ አንድ ዳቦ አከፋፋይ ከነብስክሌቱ የአውቶቡስ የኋላ ጎማ ሥር ገብቶ ሞቷል። ሹፌሩ «አላየሁትም» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ፍጥነት ሲታጠፉ ማንንም አያዩም።

ያ ሹፌር አባቴ አልነበረም። የአባቴ ባልደረባ ነበር፤ ቤታችን እየመጣ ይበላል።

አባቴም የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ነው የሚሉት። ረጅሙን አውቶቡስ በሁለት የቆሙ መኪናዎች መሃል ሲያሳልፍ ከጎኑ ያለ ተሳፋሪ ትንፋሹን ይይዛል እንጂ እሱ ወሬውን አያቋርጥም። አዲስ ሹፌር ሲቀጠር «ሂድ፣ ሚሊሜትር አጠገብ ተቀመጥና እይ» ይባላል። ይህን ስም እንደ ሹመት ነው የያዘው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷም ሴንቲሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «እኔ ቤት ውስጥ የሚለካው በዚህ ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን እራት ሊቀርብ ሲል እጁን እየታጠበ፣ «የትኛው ደንቆሮ ነው ያንን ኪንታሮት ጥጉ ላይ ያበቀለው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

የእናቴ የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

«ምን?»

«ደንቆሮዋ እኔ ነኝ። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እጁን በፎጣ አደረቀ። ከዚያ ሳቀ። እኔ ደግሞ ያቺን ሳቁን አልችላትም። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩሽ መንገድ እንድትዘጊብኝ ነው?»

«አልዘጋሁብህም። ቀስ በል ነው ያልኩህ።»

«ቀስ በል! በምልልስ እኮ ነው የሚከፈለን። እዚያ ጥግ ላይ ስንዘገይ አረንጓዴው መብራት ያመልጠናል፤ አረንጓዴው ሲያመልጠን ምልልስ ይቀንሳል። አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ደሞዝሽ ይገባልሻል።»

«እንግዲያው አከፋፈሉን አስቀይሩ። ማኅበር አላችሁ፣ ሊቀመንበር አላችሁ። ምነው ጀግንነታችሁ ድንጋይ ላይ ብቻ ሆነ?»

«ድንጋይ ከሥራ አያባርርማ» አለች እናቴ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

አባቴ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

የምሠራበት የመንገድ ቢሮ አለቃዬ «ይታያል» ነው የሚባለው። ምን ብትጠይቀው መልሱ ይታያል ነው። ዳቦ አከፋፋዩ ሲሞት፣ ጥጉ ይስተካከል ብዬ የጠየቅኩ ጊዜ «ይታያል» አለኝ። እስኪታይ ድረስ ወራት ፈጀ። የሹፌሮቹ ማኅበር «ረጅሙ አውቶቡስ መታጠፍ አልቻለም፣ ይፍረስልን» ሲል ግን ወዲያው ታየው።

«ይታጠፋል» አልኩት። «ለረጅሙ አውቶቡስ ነው የሠራሁት። ቦታም ተርፎታል። ፍጥነት ካልቀነሱ ነው የማይታጠፍላቸው፤ የተሠራውም እንዲቀንሱ ነው።»

«እሱማ ልክ ነሽ፣ ግን ሰዎቹ ተቆጥተዋል።»

«እኔም ተቆጥቻለሁ። ለኔ ለምን አይታይልኝም?»

ሳል ሳል አለና አንድ ሐሳብ አመጣ። እሑድ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ ሁሉም ባለበት ይሞከር። ረጅሙ አውቶቡስ ደሴቱን ከነካው ይፈርሳል፤ ካልነካው ይቆያል። የሚነዳውን ማኅበሩ ይመርጣል።

«ከሳሹም ምስክሩም ማኅበሩ?»

«ሚሊሜትር የሚባለውን መርጠዋል። እሱ ካቃተው ማንም አይችለውም፤ እሱ ከቻለው ደግሞ አፍ የላቸውም።»

አባቴ መሆኑን አልነገርኩትም። ዝም ብዬ ተስማማሁ። አባቴ ከተማውን ሙሉ ሲነዳ አንድ ጭረት ሳያስነካ ኖሯል፤ በሕዝብ ፊት ግማሽ ጨረቃ የምታህል ድንጋይ ይገጫል ብዬ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በረንዳ ላይ ጫማውን ሲቦርሽ አገኘሁት።

«ነገ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልነዳ።»

«በሐቅ?»

«አንቺ፣ ልጄ ነሽ ወይስ ፖሊስ?» አለና የግራውን ጫማ ትቶ የቀኙን አነሳ።

እሑድ ጠዋት ስደርስ ኮንክሪት መስበሪያው ከኔ ቀድሞ ቆሞ ነበር። ከነአየር መጭመቂያው፣ ከነኦፕሬተሩ። ኦፕሬተሩ ጓንቱን ሁሉ አጥልቋል። ሙከራ ነው የተባለው ገና ሳይጀመር መቃብር ቆፋሪው መጥቷል ማለት ነው። ወደ አለቃዬ ዞሬ «ይሄ ምንድነው?» ስለው «ምናልባት ካስፈለገ ብለን ነው» አለኝ። ዓይኔን አላየም።

ሹፌሮቹ በአንድ ወገን ተኮልኩለዋል፤ ሊቀመንበሩ መሃላቸው ሆዱን ነፍቶ ቆሟል። በሌላው ወገን ብስክሌታቸውን የያዙ ጥቂት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይጠባበቃሉ። አውቶቡሱ ከታች ብቅ አለ። ባዶ ነው። አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

የአውቶቡሱን ግንባር ወደ መሃል አስገብቶ ነበር መታጠፍ ያለበት። አላስገባም። ገና ማቆሚያው መስመር ጋ ሳይደርስ መሪውን አዞረ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጎን መስታወቱ የኋላ ጎማውን እያየ ትንሽ ጨመረለት። ልክ ሰው ጨው እንደሚጨምር። ጎማው ኮንክሪቱ ላይ ወጣ፣ አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ወረደ፣ ከጠርዙ ቁራጭ ተፈነጠረ።

ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ፉጨትም ነበር።

«እንግዲህ ታየ» አለ አለቃዬ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ኦፕሬተሩም ወደ ማሽኑ ተንቀሳቀሰ።

እኔ በዚያን ሰዓት ማልቀስ እንደሚጠበቅብኝ ገብቶኛል፤ አንዳንዶቹ ፊቴን እያዩ ነበር። የያዘኝ ግን እንባ አልነበረም፣ ጥርሴን ያመመኝ ንዴት ነበር። ሄጄ የአውቶቡሱን በር አንኳኳሁ። ከፈተ። አንድ ደረጃ ወጥቼ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ቤት ውስጥ አንተ የምለውን ሰው።

«ሚሊሜትር የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

አፍጥጦ አየኝ።

«ዓይንዎን የተመረመሩት መቼ ነው? ይህን የሚያህል ድንጋይ ያላዩ ሰው ነገ ሕዝብ ጭነው ሊነዱ ነው? አለቃዬ እዚሁ ስላሉ፣ አውቶቡሱ ረዝሞ ሳይሆን የሹፌሩ ዓይን ደክሞ መሆኑ ይታወቅልኝ።»

 እዚህ ላይ ሹፌሮቹ ዝም ቢሉ ኖሮ ያሸንፉ ነበር። ማሽኑ ተነስቶ ነበር እኮ! ግን እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ሲቀላለዱ የሚውሉ ናቸው፤ ቀልድ ወድቆ እያዩ ሳያነሱት ማለፍ አይችሉም። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ሹፌር ጮኸ፦

«ተይው እታለም፣ አርጅቷል! ከዛሬ ጀምሮ ሴንቲሜትር ነው የምንለው!»

«ምን ሴንቲሜትር፣ ሜትር በለው እንጂ!»

«ኪሎሜትር!»

ሳቁ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የራሳቸውን ሰው፣ ለነሱ ብሎ ስሙን የሸጠላቸውን ሰው።

አባቴ ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ እኔ ውስጥ እንዳለሁ በሩን ዘጋውና ነዳ።

ወደ ጥጉ የሚመልሰውን መንገድ ይዞ ዞረ። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ የመያዣ ቀለበቶቹ እየተንኳኩ ይወዛወዛሉ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ቀነሰ፣ ግንባሩን ወደ መሃል አስገባ፣ ታጠፈ። በመስኮት ወደ ታች አየሁ፤ የኋላ ጎማው ከኮንክሪቱ ርቆ አለፈ። ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ታጠፈ። በሦስተኛው ዙር አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ በሌላው መስኮቱን ከፈተና አንገቱን አወጣ።

«ማነው ሴንቲሜትር?»

የሚስቅ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ሮጦ መጥቶ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ደበደበ። «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? እንዲህ ነበር የተባባልነው?»

«ታውሬ ልኑርላችሁ?» አለ አባቴ። «እናንተ ምልልሱን ልታተርፉ፣ እኔ ዕውር ልባል?»

ይህን ሁሉ ብስክሌተኞቹ በስልካቸው ቀርጸውታል፤ «እንዲህ ነበር የተባባልነው»ንም ጭምር። ወርጄ አለቃዬ ፊት ቆምኩ።

«ታየ?» አልኩት።

ስልኮቹን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ፣ ኦፕሬተሩን አየ። «ማሽኑን መልሱት» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደታመመ ሰው።

ተመልሼ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። አባቴ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር።

«ውረጂ» አለኝ።

«ወደ ቤት ነኝ።»

«እኔ ወደ ጋራዥ ነኝ። ውረጂ።»

«አውቀህ ነው የገጨኸው።»

«አዎ፣ አውቄ ነው።»

«ሰው ሞቶበታል እኮ! ያ ጓደኛህ እኛ ጠረጴዛ ላይ እየበላ ዳቦ የሚያከፋፍለውን ሰው...»

«አውቃለሁ ማን እንደገጨው!» መሪውን በጡጫ መታው። «ከዚያ ወዲህ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሻይ እንኳን አይዝም። አንቺ የሞተውን ታውቂያለሽ። እኔ ነገ ጋራዥ ስገባ ሰላም የሚለኝ ሰው የለም። በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ እርስዎ አልሽኝ፣ እንደ ባዕድ። ምልልሱም ይቀንሳል። ይህን አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ።»

«እና?»

«እና ድንጋዩ ይቆማል። የምልልሱ ጉዳይ ላይ ልትታገሉ ከሆነ አብሬህ እመጣለሁ፤ ለዚህ ግን ይቅርታ አልልህም።»

በሩን ከፈተው። ወረድኩ።

ይኸው እስከ አሁን አያናግረኝም። «ለልጅሽ ንገሪያት፣ መብራቱን ታጥፋ» ይላል እናቴን፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። እናቴም ከስፌቷ ቀና ሳትል «ሰምታለች፣ ጆሮዋ ያንተ ነው» ትለዋለች። ማኅበሩ ስለ አከፋፈሉ ስብሰባ ሊጠራ ነው ይባላል። ሊቀመንበሩን ስለማውቀው ሲጠራ አምናለሁ።

ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስሄድ በዚያ ጥግ ነው የማልፈው። ሹፌሮቹ አዲስ ነገር ለምደዋል፤ ደሴቱ ጋ ሲደርሱ፣ ፍጥነት ቀንሰው ግንባራቸውን ወደ መሃል ሲያስገቡ፣ ክላክሱን ይጫናሉ። ስድብ ነው። ለማን እንደሆነም አውቃለሁ። ብስክሌተኞቹ ግን «እለፉ» የተባሉ እየመሰላቸው እጃቸውን አንስተው ያመሰግናሉ፤ ይህ ደግሞ ሹፌሮቹን የባሰ ያበግናቸዋል። የአባቴ ክላክስ ከሁሉም ይረዝማል። እኔን የእግረኛ መንገዱ ላይ ካየኝማ እስኪታጠፍ ድረስ እጁን አያነሳውም።

ይጫን። ቀስ ብሎ እስከታጠፈ ድረስ ሲፈልግ ቀኑን ሙሉ ይጫን።