ያለ ወንድም የተገጠመች ጠመንጃ

ዴልማር በገዛው የጠመንጃ እንጨት ጫፍ ላይ ያለውን ብረት በኩራዝ ጥላሸት አጠቆረና ከጠመንጃዋ ጋር ገጠመው፤ ጫን አድርጎም አወጣው። የሚነካውን፣ ጥቁሩ የለቀቀበትን ቦታ አይቶ ሞረዱን አነሳ። ቀስ ብሎ ነው የሚሞርደው፤ ካበዛው አፈሙዙ ይወዛወዛል።

ነገ ሰኞ የአጋዘን አደን ይከፈታል። በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች በዚያ ቀን ትምህርት ቤት እንኳ ይዘጋል፤ ቤት የሚውለው በሽተኛና ቂመኛ ብቻ ነው።

ጠመንጃዋ የአባቱ ናት፤ አንድ ጥይት የምትጎርስ፣ ከወገቧ የምትታጠፍ። ከአፈሙዟ ሥር የሚታሰረው የፊት እንጨት ከሌለ ስትታጠፍ ለሁለት ትለያያለች። ሽማግሌው በጸደይ ሲሞት እናትየው ኦፓል ይህን አውቃ ነበር ያከፋፈለቻቸው፦ አፈሙዙንና ሰደፉን ለዴልማር፣ የፊት እንጨቱን ለታላቅ ወንድሙ ለሮይስ። "ካልተገናኛችሁ አትተኩሱም፤ አለቀ!" አለች።

የወንድማማቾቹ ጠብ የመጣው በዛፍ ነው። አባታቸው ታሞ ሳለ ሮይስ የኮረብታውን ደን ለጣውላ ነጋዴ ሸጠ። ዴልማር ደግሞ ቀብር ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ሌባ!" አለው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። የሰው ልጅ ሲከፋ መላ አያጣም፤ ዴልማር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የወፍ ጠመንጃ የፊት እንጨት ገዛ። የብሎኑ ቀዳዳ ልክ መጣለት፤ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ግን አልቀመጥ አለ። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ይሞርደዋል።

ኦፓል ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ይዛ ገባች።

"እንጨትማ አላት እኮ፤ ወንድምህ ጋ ነው ያለው።"

"እዚያው ይኑር።"

"ወንድም ያላት ቅል ድንጋይ ትሰብራለች ሲባል አልሰማህም?"

"የኔ ወንድም የሰበረው እኔኑ ነው። አባዬ ያንን የተላጨ ኮረብታ እያየ ነው የሞተው፣ እማዬ።"

"መድኃኒቱንም እየዋጠ ነበር። በምን የተገዛ መሰለህ?"

ዴልማር ብሎኑን አጠበቀ፤ ጠመንጃዋን ከወገቧ አጠፍ አደረጋት፤ መለሳት። ቀጭ አለች። ደስታውን መደበቅ አቃተው። ኦፓል ሳህኑን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

ወዲያው የፒካፕ ድምፅ ተሰማ። ሮይስ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ገባ።

"እንደምን ዋላችሁ? ነገ አደን አይደል… የአባዬን ጠመንጃ ሳትይዝ እንዳትቀር ብዬ ነው። እኔ አልተኩስም፤ አጠገብህ ብቀመጥ ይበቃኛል…"

ዓይኑ ጠመንጃዋ ላይ አረፈ።

"አሃ። እንጨት አግኝተህላታል።"

"አግኝቻለሁ።"

ሮይስ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "ጎበዝ። ክፍተት የላትም። አባዬ ቢያይ ይኮራብህ ነበር።"

ዴልማር "ይቅር በለኝ" ሊል አፉን ከፈተና ሞረዱን መጥረግ ጀመረ። ሮይስ የፊት እንጨቱን ከነፎጣው መልሶ በብብቱ ይዞ ወጣ።

"አንዲት ብሎን ናት እኮ!" አለች ኦፓል። "ፍታትና ጥራው!"

ውጭ ፒካፑ አልነሳ አለ። ያለቀ ባትሪ ነው፤ ሁልጊዜም ሰው ነው የሚገፋለት። አንዴ አጉረመረመ፤ ደግሞ አጉረመረመ።

"እሺ፣ ግፋለት እንኳ። በሞቴ፣ ልጄ።"

ዴልማር ተነሳ። ኦፓል ፊቷ በርቶ ኮቱን አቀበለችው። እሱ ግን ሮይስ ክፍት ትቶት የሄደውን በር ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።