የቧንቧው ቁልፍ

«ወደ እጄ አያስጠጓት፣ እማዬ!» እናትነሽ ሁለት እጆቿን እንደሚፈተሽ ሰው ወደ ላይ አነሳች።

ከጧት ጀምሮ በርበሬ ስትቀነጥስ ስለቆየች ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቀልተዋል። አማቷ ወይዘሮ እታለም የአምስት ወሯን ያምሮትን ታቅፈው ቡሬ ከተማ ዳር ካለው የበርበሬ መጋዘን በር ላይ ቆመዋል። ልጅቷ በረሃብ ታለቅሳለች። ቧንቧው ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ግን የብረት ሳጥን ተገጥሞለት ተቆልፏል።

ወይዘሮ እታለም የምራታቸውን ቀሚስ ራሳቸው ከፈቱና ልጅቷን ጡቷ ላይ አስጠጓት። ጥበቃው መልካሙ ፊቱን አዞረ። እናትነሽ እጆቿን ዘርግታ፣ እንደቆመች አጠባች። የገዛ ልጇን ጸጉር እንኳ መዳሰስ አልቻለችም።

«አብራሽ ትቀነጥስ የነበረችው አስካለ ማርያም ባልታጠበ እጅ የልጇን ዓይን ነክታ ነው ሥራውን የተወችው» አሉ ወይዘሮ እታለም። «አንቺም ተይው ብዬሽ ነበር።»

«ሥራውንማ አልተውም፣ እማዬ። ውሃውን ነው የማስከፍተው።»

«ኧረ ተይኝ እቴ!» አሉ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ የመጋዘኑ ባለቤት አቶ ክንፈሚካኤል ቢሯቸው አስጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በርበሬ ግን ቀንጥሰው አያውቁም።

«ካቦው አብተው ሥራ ለቋል። ከዛሬ ጀምሮ ካቦዋ አንቺ ነሽ» አሏት የቁልፍ ዘለላውን እየሰጧት።

መጋዘኑ ከተከፈተ ጀምሮ ሴት ካቦ ኖሮት አያውቅም። እናትነሽ ደስታዋን የምታስገባበት አጣች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። የቧንቧውም ቁልፍ አለበት?»

«አለበት። እሱን ግን እንዳትከፍቺው፤ ሥራ ፈተው ልብስ ሲያጥቡ ሊውሉብኝ ነው።»

«ጡት ያልጣለ ልጅ ያለን ሰባት ነን። እጃችንን ብቻ ...»

«በቃ! ገና በተሾምሽበት ቀን ታዢኝ ጀመርሽ?»

የቁልፍ ዘለላውን ኪሷ ከትታ ወጣች። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሹመት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ማጣቱ አስፈራት። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ከበዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የያምሮት ለቅሶ ከበሩ ተሰማ። እናትነሽ ተነሳች፣ ሄዳ ሳጥኑን ከፈተችና «ልጅ ያላችሁ፣ ኑ ታጠቡ!» ብላ ተጣራች። ሴቶቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ እየተጋፉ መጡ። ወይዘሮ እታለም ከመቀነታቸው ውስጥ ሳሙና አወጡ።

«ምናልባት ታስከፍት ይሆናል ብዬ ነው የያዝኩት» አሉ፣ የሰረቁ ያህል አፍረው።

እናትነሽ ሁለት ጊዜ አሽታ ታጠበች። ጣቷን በምላሷ ነካ አድርጋ እንደማያቃጥል አረጋገጠች። ከዚያ ልጇን በሁለት እጇ ተቀብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጸጉሯን እየዳሰሰች ማጥባት ጀመረች።

አቶ ክንፈሚካኤል ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«ምን ነበር ያልኩሽ? ቆልፊና ቢሮ ነይ!»

«እመጣለሁ፣ ጋሼ፤ ልጄ ትጥገብ። ቧንቧውን ግን አልቆልፈውም። ካቦነቱን ከፈለጉ ይውሰዱት።»

ሰውዬው እርጥብ እጆቻቸውን አንጠልጥለው የቆሙትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። ወይዘሮ እታለም የመልካሙን በርጩማ ጎተት አድርገው አስጠጉላቸው።

«ቆመው አይድከሙ፣ ጌታዬ። ይቺ ልጅ ቶሎ አትጠግብም።»

አቶ ክንፈሚካኤል ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ተቀመጡ። ሰዓታቸውን አዩ።

«ቶሎ በያ እንግዲህ! የነገውን ጭነት ከካቦዬ ጋር ካልሆነ ከማን ጋር ልነጋገር ነው?»

ያምሮት ጡቱን ለቀቀች። እናትነሽ ልትነሳ አለችና ተወችው፤ ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረቻት።