ትከሻ የሚያዘው እጅ

ወንድሜ ሲጠየቅ በትከሻው ነው የሚመልሰው። ምን ልሥራልህ ስትሉት ትከሻውን ይሰብቃል፤ አመመህ ወይ ስትሉት ይሰብቃል፤ ሚስት እንፈልግልህ ስትሉት ደግሞ ሁለቱንም። ከአባታችን የወረሰው ነው። አባታችን እናታችንን ለትዳር የጠየቃትም ትከሻውን ሰብቆ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በእናቴ ወጥቼ አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ አንገቱ ላይ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ እግሮቹም ጣቶቹም እምቢ አሉ። ክንዱን ያነሳል፣ ክርኑን ያጥፋል፣ ማንኪያ መጨበጥ ግን አይችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላሁት እኔ ነኝ። በሰው እጅ መብላት እንዳንገበገበው አውቃለሁ፤ እሱ ባይናገርም ፊቱ ይናገራል።

ታዲያ ሆስፒታሉ ጣት የሚያሠራ መሣሪያ አመጣ ተባልን። ፊዚዮቴራፒስቱ አስረዳን፤ ገና ሃምሳ ያልሞላኝን ሴትዮ «እናቴ» እያለ የሚጠራ ደፋር ነው። ክንድ ላይ ፕላስተር የመሰሉ ነገሮች ይለጠፋሉ፣ ወገብ ላይ ከምትታሰር ሳጥን ቀለል ያለ ኤሌክትሪክ ይመጣል፣ ጡንቻው ይኮማተርና ጣቶች ይጨበጣሉ። ኤሌክትሪክ ሲል እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ። እሱ ስቆ መጀመሪያ የኔ ክንድ ላይ ለጠፈው። ጣቶቼ ሳያስፈቅዱኝ ተጨበጡ። በገዛ እጄ እንዲህ ተንቄ አላውቅም።

ጉዱ የመጣው መሣሪያውን ከሚያዘው ከማዘዣው ነው። ሌላ ትንሽ ነገር ትከሻ ላይ ይለጠፋል፤ በሽተኛው ትከሻውን አንዴ ከፍ ሲያደርግ እጁ ይጨብጣል፣ ደግሞ ከፍ ሲያደርግ ይለቃል። ይህን ያህል ሰው በሞላበት ዓለም ይህ መሣሪያ ለወንድሜ ይድረሰው?

መጀመሪያ ማንኪያውን ሲጨብጥ እልል ልል ነበር። ከዚያ ሩዙ ጨው አንሶት እንደሆነ ጠየቅኩት። ትከሻውን ሰበቀ፤ ማንኪያው ከነሩዙ ጭኑ ላይ ወደቀ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጎንበስ ብሎ ምን እንደተፈጠረ ቢጠይቀው እንደገና ሰበቀና የሰውየውን ነጭ ጋዋን ጨምድዶ ያዘ። ልቀቀው እንጂ ብዬ ተቆጣሁ። ምን ላድርግ ለማለት ሲሰብቅ ለቀቀው። ማዘዣው ወደ ግራ ትከሻ ቢዛወርስ ብዬ ሐሳብ ሰጥቼ ነበር፤ ያኛውም ያው ይሰብቃል።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ማንም እንዳይጠይቀው ከለከልኩ። ግን ሰላምታችን ራሱ ጥያቄ አይደል? የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ እጅህስ ተሻለህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ስትለው እጁ ተከፍቶ ተዘጋ፣ ተከፍቶ ተዘጋ። ሴትዮዋ ደንግጣ መወልወያዋን ትታ ወጣች።

ወደ ቤት የሚሰጠው መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ ወረፋ የሚጠብቀው ደግሞ ብዙ ነው። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ዶክተር ቁርጡን ተናገረች፦ ሐሙስ ዕለት እፊቷ አንድ ሳህን ሩዝ ሳይጥል ከበላ ይወስደዋል፤ ከጣለ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ወንድሜ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እኔንም እንደዚያው።

ሐሙስ በልምምድ ክፍሉ ምድጃ ላይ ሩዙን ራሴ ቀቀልኩ፤ በነሱ እጅ አላምንም። ዶክተሯ ስትጠይቀው እኔ መለስኩ። እንቅልፍስ? ይተኛል አልኩ። ክንዱንስ ያሳክከዋል? አያሳክከውም አልኩ። በመጨረሻ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«እርስዎ ይቀመጡ፤ እሱ ይመልስ።»

«ዶክተር፣ ከተጠየቀ ይጥላል» አልኳት። እንደ ወፈፌ ቆጥራኝ መሰለኝ ወንበር አሳየችኝ።

ወንድሜ ሳህኑን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም፤ የመጨረሻውን ማንኪያ አንስቶ አፉ ጋ ሊያደርሰው ነው። ዶክተሯም ያን ጊዜ መርጣ «እስከ ዛሬ የሚያበላህ ማነው?» አለችው።

ትከሻው ሊነሳ ሲል አየሁ። አለቀልን ብዬ ፊቴን አዞርኩ። የማንኪያ ድምፅ ስጠብቅ የሰማሁት የወንድሜን ድምፅ ነው።

«እትዬ ናት» አለ። «እኔን አብልታ እስክትጨርስ የሷ ይቀዘቅዛል። ሁለት ዓመት ትኩስ ምግብ በልታ አታውቅም። ይህ ዕቃ ቤት ከገባ እኩል እንበላለን።»

ይህን ሁሉ ሲናገር ትከሻው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከተተ፣ አኝኮ ዋጠ፣ ያኔ ትከሻውን ሰብቆ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዶክተሯ መሣሪያው የሱ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አልሰማሁም። ፊዚዮቴራፒስቱ ከድስቱ ሩዝ ጨልፎ፣ እንፋሎቱ ገና እየወጣ፣ እፊቴ አስቀመጠልኝ። አፌ ያን ዕለት ከወሬ ሌላ ሥራ አገኘ። አንድ ማንኪያ ጎረስኩና ምላሴን አቃጠለኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም በላሁ።