የሰባተኛው ወረቀት ቀለበት

ዶክተሩ ገና ተማሪ ሳለ፣ ቅጠል በእንፋሎት ቀቅሎ ዘይቱን ማውጣት ያስተማረችው የላብራቶሪው ቴክኒሻን እሷ ነበረች። ያኔ «እትዬ» ይላት ነበር። የላብራቶሪው ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ግን «አንቺ» ሆና ቀረች።

ዘይቱን በብርጭቆ ቱቦ አሳልፋ፣ ጠብታ በጠብታ እየለየች፣ በአሥራ ሁለት ጠርሙስ የከፋፈለችው እሷ ናት። ከየጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት በአልኮል አሟሟታ፣ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ነክራ፣ አድርቃ፣ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ደረደረች። በማግስቱ በሰባተኛው ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያው አልቆ ጥርት ያለ ቀለበት ታየ፤ የሰባተኛው ጠርሙስ ዘይት ባክቴሪያ ይገድላል ማለት ነው። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ዶክተሩ መዝገቧን «እስቲ ልየው» ብሎ ወሰደ፤ ጥናቱ ሲታተም የሰፈረው ስም የእሱ ብቻ ነበር።

ስሜስ ብላ ጠየቀችው።

«ቅጠል የቀቀለ ሁሉ ሳይንቲስት ከተባለማ፣ የሰፈሩ ባልቴት ሁሉ ፕሮፌሰር ናት» አላት፣ በባልደረቦቿ ፊት። ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ጥርስ ባዳ ነው።

ከዚያ ሙከራውን ብትደግመው ቀለበቱ የለም። ሦስቴ ደገመችው፤ የለም። በመጨረሻ ትዝ አላት። ያን ቀን ሰባተኛው ወረቀት ከመቆንጠጫዋ አምልጦ ወድቆባት፣ ሌላ ነክራ በችኮላ ሳታደርቅ አስቀምጣው ነበር። አልኮል ብቻ የጠጣ እርጥብ ወረቀት ብታስቀምጥ ያው ቀለበት ወጣ። ባክቴሪያውን የፈጀው ዘይቱ አልነበረም።

ልትነግረው ትችል ነበር። ጥናቱን የሚመረምሩ ገምጋሚዎች ሊመጡ በነበረበት ሰሞን፣ ኮሪደር ላይ አግኝቷት ሁሉም ሰላም መሆኑን ጠይቋታል። ሰላም ነው አለችው። ሥራዬን ከወሰደ ስህተቴንም ይውሰድ አለች በሆዷ።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ዶክተሩ ስለ ሰባተኛው ጠርሙስ ሲያወራ ምራቁ እስኪደርቅ አወራ። ሲጨርስ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ አልኮሉ ብቻውን ተሞክሮ እንደሆነ ጠየቁ። ዶክተሩ ወደ እሷ ዞረ። እሷም ያዘጋጀችውን ሳህን አምጥታ ፊታቸው አኖረች፤ ሰባተኛው በደንብ የደረቀ፣ ቀለበት የሌለው፤ አጠገቡ አልኮል ብቻ ነክቶት ሳይደርቅ የተቀመጠው፣ ቀለበቱ ፏ ያለ።

የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

«እኔ እጄንም አላስገባሁበት» አለ። «ያወጣችውም፣ የለየችውም፣ የሞከረችውም እሷ ናት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሷ ሥራ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «እውነት ነው ልጄ?»

«እውነት ነው አባቴ። ስህተቱም የኔ ነው፤ ወረቀቱን ሳላደርቅ ነው ያስቀመጥኩት። አሁን ዶክተሩ ያሉት ግን ቃል በቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርልኝ።»

ሽማግሌው ቃለ ጉባኤ የምትይዘውን ጸሐፊ እንድትጽፍ አዘዟት። ጸሐፊዋ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት፣ እሷ ራሷ አጠገቧ ቆማ፣ ቀስ እያለች፣ አስጻፈቻት።