ከባሊላዋ ሥር ያለው ወፍጮዬ

የግራዝማች አድማሴን መኪና የሚገዛ ሰው ከደሴ መጥቷል ብላ ጎረቤቴ ብዙዬ ስትነግረኝ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ጎመኑን እንዳለ ትቼ ተነሣሁ። ከመደቡ ሥር ከቀበርኩት ማሰሮ ውስጥ አንዲት ቋጠሮ አወጣሁና መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኳት። ከዚያ የልጄን የአበቡን እጅ ይዤ ወጣሁ። ብቻዋን ትቻት መሄድ አልችልም፤ ትንሹ ልጄ ካሳ ከሞተ ወዲህ ከዓይኔ አላርቃትም።

ቋጠሮዋ ውስጥ ያለው አንድ እፍኝ ስንዴ ነው። ለምን እንዳስቀመጥኩት ልናገር።

በስድሳ አምስት ዝናቡ ቀረ። እኛ የግራዝማች ጭሰኞች ነበርን። ያን ዓመት የሚታጨድ ነገር አልነበረም፤ ግራዝማች ግን አሽከሮቹን ልኮ ከየቤታችን ወፍጮ አስነቀለ። «የመሬቴን ድርሻ ስታስገቡ ትወስዳላችሁ» አለ። በሰፈራችን የነበሩት አራት ወፍጮዎች ሁሉ ሄዱ። የእኔው፣ እናቴ ስዳር የሰጠችኝ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ግራ ጎኑ ላይ እንደ ጥፍር የተፈነቀለ ምልክት አለው።

ወፍጮዎቹ የት እንደገቡ ያወቅነው በኋላ ነው። ግራዝማች ባሊላ የምትባል የጣሊያን ጊዜ ጥቁር መኪና ነበረችው። በግቢውና በመኪና መንገዱ መካከል ጎርፍ የቆረጠው ትልቅ ቦረቦር ስላለ፣ ስትመጣ በአጣና ተሸክመው ያሻገሯት ባሎቻችን ናቸው። ከዚያ በኋላ አልነዳትም። ከጎተራው አጠገብ ቤት ሠራላት፣ ልብስ አለበሳት። ጎማዋ መሬት ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል ብሎ የነገረው ሰው ነበርና ከሥሯ ግንድ ደርድሮ፣ በግንዱ ላይ አራቱን ወፍጮ አጋድሞ እላዩ ላይ አሳረፋት። ወፍጮ ደልዳላ ነው፣ አይወላገድም።

በስድሳ ስድስት የእርዳታ ስንዴ መካነ ሰላም ገባ ተባለ። ባሌ ቸኮል ተሰልፎ ውሎ አድሮ ጥቂት ይዞልን መጣ። ትንሹ ልጄ ካሳ ያን ጊዜ ንፍሮ አይወርድለትም፤ ሙቅ ካልሆነ አፉን አይከፍትም። ሙቀጫችንን ቀደም ብለን ለእህል ሸጠነዋል። ስንዴውን በወንዝ ድንጋይ አድቅቄ ብሰጠው አሸዋ ተቀላቅሎበት አስመለሰው። ስለዚህ ቀሪውን ይዤ ግራዝማች ደጅ ሄድኩ።

ግራዝማች የመኪናዋን በር ከፍቶ የቆዳውን ወንበር በቅቤ ያሽ ነበር። በቅቤ! በዚያ ዓመት! ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ።

«ጌታዬ፣ ወፍጮዬን ለአንድ እፍኝ ብቻ ያውሱኝ፤ ፈጭቼ እመልሳለሁ» አልኩት መሬት ስሜ።

«ለአንድ እፍኝ ብዬ መኪናዬን አላናጋም።»

«እንግዲያው ማድ ቤትዎ ባለው ልፍጭ።»

«ማድ ቤቴን የለማኝ መዋያ ላድርገው?» አለና ወደ ወንበሩ ዞረ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ካሳ በማግስቱ ሞተ። ከዚያ ስንዴ አንድ እፍኙን ቋጥሬ ቀበርኩት። አበቡ በራብ ስታለቅስ እንኳ አልፈታሁትም። ምን እንደምሠራበት ያን ቀን ነው የወሰንኩት።

እንግዲህ ያ ሰው ከደሴ የመጣው በስድሳ ሰባት የካቲት ነው። ጃንሆይ ከወረዱ ከርመዋል፣ መሬቱ ለአራሹ ሊሆን ነው ይባላል። የግራዝማች አሽከሮች አንድ በአንድ፣ ከነጠመንጃው፣ ጠፍተዋል። እሱም መኪናዋን ሸጦ በዚያችው መኪና ደሴ ሊወጣ ፈልጓል። ደጁ ስንደርስ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል።

ገዢው ጀብሪል ይባላል፤ ደሴ ጋራዥ ያለው፣ ቱታ የለበሰ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሯት ዞሯት ሲያበቃ ጫማውን አውልቆ ገባ።

«መስጊድ መሰለህ እንዴ?» አለችው ብዙዬ።

«ወላሂ እቴ፣ ለእንዲህ ያለችው ጫማ ቢወልቅ አይበዛም» አለ። «ልጅ ሆኜ ደሴ ለአንድ ጣሊያን የእሷን ብጤ እያጠብኩ ነው ያደግሁት። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ሁሉ ወይ በሯ የለ፣ ወይ ሞተሯ የሌላ ነው። ይቺ ግን፣ ማሻአላህ፣ ከነጡሩምባዋ!» ሲል ጡሩምባውን ነካው። አበቡ ደንግጣ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች።

ጀብሪል ወንበሩን ዳሰሰና እጁን አሸተተ። «ቆዳው እንዴት እንዲህ ለሰለሰ?»

«በለጋ ቅቤ ነዋ» አለ ግራዝማች ደረቱን ነፍቶ። «በየወሩ ነው። በክፉው ቀን እንኳ አላቋረጥኩባትም።»

ጀብሪል የእኛን ፊት አላየም፤ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል። «ወፍጮ ላይ! ይህን ማን አሰበው?» ይላል ከሥር ሆኖ። አበቡ ልታየው ጎንበስ ስትል «ውጪ ከዚያ!» ብዬ ጎትቼ አወጣኋት። ወፍጮዬ አጠገቤ ነበር። በእግሬ አንዴ ብገፋው መኪናዋ ትወድቅ ነበር። ግን ከሥሯ ያለው አድማሴ አይደለም።

ጀብሪል ወጥቶ ቤንዚን አጠጣት፣ ባትሪ ቀየረላት፣ ከፊቷ ብረት አስገብቶ ሞተሯን አዞረ። አጓራችና ተነሣች። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቦረቦሩን ስትሻገር ብሩን እሰጥዎታለሁ» አለው ግራዝማችን።

«በሉ ወንዶች፣ አጣና!» አለ ግራዝማች። ማንም አልተነቃነቀም። «ምን ትገተራላችሁ?»

«ለአንድ ሰው ብለን ትከሻችንን አናናጋም» አለች ብዙዬ። የእኔን ነገር ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ግራዝማች አሽከሮቹን ፍለጋ ዞር ዞር አለ፤ ከኋላው ያሉት ዶሮዎች ብቻ ናቸው።

ያን ጊዜ ቋጠሮዬን ይዤ ወጣሁ። ቸኮል ከኋላዬ «ተይ እንቁ፣ ነገ ተመልሶ ጌታ ቢሆንስ? አበቡን አስቢያት» አለኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እሷን ከአሁን አሁን ምን ያደርጋታል እያልኩ እጇን አልለቀቅኩም። ግን ወጣሁ።

«አድማሴ» አልኩት። «መኪናህ ትሻገራለች። መጀመሪያ ግን ይህን ትፈጫለህ። በእኔ ወፍጮ። ለሕፃን ሙቅ እንዲሆን አድርገህ።»

ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ ሴት፣ አብደሻል? እኔ ወፍጮ ሥር ልንበረከክ?»

«የእኔ እናት ተንበርክካበታለች።»

ጀብሪል ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርኩት፤ የስንዴውንም፣ የቅቤውንም፣ የካሳንም። የመኪናዋ ጣሪያ ላይ የነበረ እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። «ግራዝማች፣ እኔ መኪናዋን እፈልጋታለሁ። ያለ እነዚህ ሰዎች ትከሻ ግን አትሻገርም። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገድ ካልወጣሁ ብሬን ይዤ ተመላሽ ነኝ» አለ። ከዚያ በክሪክ አንዱን ጎኗን አነሣና ወፍጮዬን ከሥሯ አውጥቶ እግሬ ሥር አኖረልኝ። ቦታው ላይ ግንድ ጨመረበት። አሽከሮቹ ያልወሰዱትን መጄን ብዙዬ ሮጣ ከቤቴ አመጣችልኝ።

አድማሴ ወደ ቦረቦሩ አየ፣ ወደ መኪናዋ አየ። ከዚያ ካባውን ሰብስቦ ተንበረከከ።

የተንበረከከው በታችኛው ጫፍ፣ ዱቄቱ በሚወርድበት በኩል ነበር። «ዞር ይበሉ እንጂ ግራዝማች! እንዲህ ያለች ሙሽራ ብትመጣብኝ በማግስቱ ነበር የምመልሳት!» አለች ብዙዬ። ሲዞር ያቀበልኩት ስንዴ ከእጁ ተደፋ።

«ልቀም» አልኩት።

ግማሹን ነቀዝ በልቶታል። ከአፈሩ አንድ በአንድ ለቀመ። ፈጨ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ መጁ ከእጁ ይንሸራተታል። ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጌ በጣቴ አሸሁት።

«ይሄ ሽርክት ነው። ካሳ አይውጠውም። አልመው።»

እንደገና ፈጨ። እንደገና አሸሁት።

«ገና ነው።»

ላቡ ይንጠባጠባል፤ ዱቄቱ ጢሙ ላይ፣ ክርኑ ላይ፣ ካባው ላይ እንደ ሊጥ ተለጠፈ። መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ። መጀመሪያ ላይ የሳቁት ሰዎች አሁን አይስቁም። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አላዞርኩም።

«እንቁ» አለኝ። ስሜን እንደሚያውቀው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። «እንቁ፣ እባክሽ ይብቃኝ።»

«ድገመው።»

ደገመው። ዱቄቱ እንደ አመድ ሲለዝብ በጨርቄ አፍሼ ቋጠርኩና፣ «አሁን ተሸከሙ» አልኳቸው ወንዶቹን። ክሪኩ የቀረውን ጎን እያነሣ ወፍጮ የተነቀለባቸው የቀሩት ሦስት ሴቶችም የየራሳቸውን ወሰዱ። ባሎቻችን አጣናውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ጀብሪል «ቀስ! ቀለሟን! አደራ!» እያለ ከጎን ከጎን እየሮጠ፣ ባሊላዋ ቦረቦሩን ተሻገረች። ጀብሪልም ቃሉን ጠበቀ፤ ብሩን ሰጠው።

አድማሴ በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል ግን ጀብሪል እጁን ዘረጋ።

«የለም ግራዝማች። ዱቄት ነዎት። ወንበሬን ያበላሹብኛል።»

«ወንበሩን እኮ እኔ ነኝ ቅቤ ያጠጣሁት!»

«ለዚያ እኮ ነው የምሳሳለት። ከፈለጉ ውጭ መርገጫዋ ላይ ይቁሙ።»

አድማሴ ካባውን አራገፈ፤ ሊጡ አልለቅ አለው። በአካባቢው መታጠቢያ ውኃ አልነበረም። በመጨረሻ መርገጫው ላይ ወጣና በተላጠ እጁ በሩን ጨበጠ። መካነ ሰላም የገበያ ቀን ነበር። ጀብሪል በገበያው መሐል ጡሩምባውን እየነፋ፣ ቀስ ብሎ፣ እየተመለከቷት እንዲያደንቁለት ብሎ ነዳት አሉ። ሰው ሁሉ ግራዝማች አድማሴን እስከ ክርኑ ዱቄት ሆኖ አየው። ጀብሪል ለወንበሩ ሳስቶ ይሁን ለካሳ ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቤቴ ገብቼ ወፍጮዬን ከቦታው መለስኩት። ከዱቄቱ ሙቅ ሠራሁ። አበቡ አጠገቤ ተቀምጣ ጠጣችው፤ የጣባውን ጠርዝ ሳይቀር ላሰችው።

ቸኮል ሲያየን ቆይቶ፣ «አሁን በረደልሽ?» አለኝ።

«አልበረደልኝም» አልኩት። «አንድ እፍኝ ብቻ ነበር የቋጠርኩት። ቁና ሙሉ ላስቀምጥ ይገባኝ ነበር።»